እምቦጭ ያነቀው የውሃ ሞተር

ከቁንዝላ ወዲህ፣ ጣና ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ወጣት እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ሞተር አለኝ። ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር ያህል) ሽንኩርት አጠጣበታለሁ። ካቻምና ችግር አልነበረውም። እምቦጭ የሚሉት ተንሳፋፊ አረም ከመጣ ወዲህ ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይጮሃል። «ሜካኒካል ሲል» የሚሉትን፣ ውሃ በፓምፑ ዘንግ በኩል እንዳያፈስ የሚዘጋውን ዕቃ፣ ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ። አሁን መካኒኩ ፓምፑ አልቋል፣ ሌላ ግዛ ይለኛል። በመሳቢያው ዙሪያ ያለውን እምቦጭ ፀረ አረም ብረጭበትስ?»

አይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። አዲስ ብትገዛም ያው ሃያ ደቂቃ ነው የሚሠራልህ። ፓምፕህ አልሞተም፣ ጉሮሮው ታንቆ ነው።

ለማረጋገጥ ነገ ውሃው መቀነስ ሲጀምር፣ ሞተሩ ገና ሳይጮህ፣ ይህን አድርግ። መሳቢያ ጎማውን በእጅህ ያዘው። ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት ተደፍኗል። ጎማው ደህና ሆኖ የሚወጣው ውሃ አረፋ እየቀላቀለ የሚያስነጥስ ከሆነ ደግሞ አየር እየገባ ነው፤ መጋጠሚያውን አጥብቅ። ፉት ቫልቭ (በመሳቢያው ጫፍ ሆኖ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዝ ክዳን) ካለህና አጥፍተህ ስትመለስ ጎማው ባዶውን ከጠበቀህ፣ ምላሱ ሥር የእምቦጭ ሥር ተሰክቶ አላስዘጋው ብሏል። ጆሮህንም ተጠቀም። ፓምፕ ውሃ ሲሸከም ድምፁ ይከብዳል፤ ውሃ ሲያጣ ይቀለውና ይጮሃል። ያኔ ወዲያው አጥፋ። ሲሉ የሚቀዘቅዘው በዚያው በሚስበው ውሃ ነው፣ ደረቁን ሲዞር በደቂቃዎች ይቃጠላል። ሁለቱም ሲሎችህ በዚህ ነው የሄዱት።

መካኒኩን ብዙ አልወቅሰውም። እኔም በጀማሪነቴ የአንድ አርሶ አደር ኢምፔለር፣ ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ዕቃ፣ ቀይሬ ሒሳብ ተቀብያለሁ። በሳምንቱ ሰውዬው በዚያው ችግር ተመለሰ። ሐይቁ ድረስ አብሬው ስሄድ ወንፊቱ ፂም አብቅሏል። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን በኩል፣ መገጭ ወንዝ ከሚገባበት አካባቢ ታየ ተባለ። እኛ በጎጃም በኩል ያለነው የደንቢያ ጣጣ ነው ብለን ተቀመጥን። ተንሳፋፊ መሆኑን ረሳነው። ነፋስ ከገፋው የሐይቁን ዳር ሁሉ ያዳርሳል፤ ሲመቸው ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከሥሩ ብርሃን አይገባም፣ በውሃው ውስጥ ያለው አየርም ያንሳል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጥሎ ይሄዳል፤ አምባዛ ብቅ ብሎ አየር ስለሚስብ ይችለዋል። አንተን የሚመለከትህ ቀጥሎ ያለው ነው። የሞተው እምቦጭ ይሰምጥና ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ወንፊትህ ሐይቁ ወለል ላይ ከተኛ፣ ከላይ ሥሩን ከታች ዝቃጩን እየበላ ነው።

እንግዲህ አሮጌ የፕላስቲክ በርሜል ፈልግ፣ 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ ይበቃል። በ10 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ዙሪያውን 600 ያህል ቦታ ብሳው። አዎ፣ ስድስት መቶ! ያሰለቻል፣ ልጆቹን አሰልፋቸው። ሒሳቡ ይኸውልህ። የጎማህ አፍ 45 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 600 ቀዳዳ ሲደመር 470 ይደርሳል። በሩ አሥር እጥፍ ሲሰፋ ውሃው በአንድ አሥረኛ ፍጥነት ይገባል፤ ቀስ ብሎ የሚገባ ውሃ ደግሞ ሥር ጎትቶ አይለጥፍም። ትንሿ ወንፊት የምትደፈነው ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ በኃይል ስለምትስብ ነው።

የጎማውን ጫፍ በርሜሉ መሐል አስገባና ክዳኑ ላይ አጥብቀህ እሰረው። በርሜሉን አግድም አስተኛው፣ ድንጋይ እሰርበት፣ ከዚያ አፋቸው በተዘጋ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች በገመድ አንጠልጥለው። ጀርባው ከውሃው ፊት ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። ብዙውን ሥር ያመልጣል፣ አዙሪት ፈጥሮ አየር አይስብም። ሆዱ ደግሞ ከወለሉ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ስለዚህ የበርሜሉ ውፍረት ሲጨመር 1 ሜትር ከ20 ያህል ጥልቀት ያለው ቦታ ያስፈልግሃል።

ዳሩ ጥልቀት የለውም ብለህ መሳቢያውን እንዳታስረዝም። ሞተሩን ወደ ውሃው አስጠጋውና መግፊያውን አርዝም። ከሞተሩ ጋር የመጣው ወረቀት 8 ሜትር ይስባል ይልህ ይሆናል፤ ያ ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋልህ ያ አየር ነው። እዚህ እንከን የለሽ ፓምፕ እንኳ ከ8 ሜትር ከሩብ በላይ አይስብም። አንተ ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ 5 ሜትር አትለፍ።

በበርሜሉ ፊት ለፊት ቀርከሃ በእንግሊዝኛው «V» ቅርጽ ታስሮ፣ ሹሉ ወደ ሐይቁ ሆኖ ይንሳፈፍ። የእንጅባራ ቀርከሃ ጠንካራ ነው። ከሥሩ ግማሽ ሜትር ያህል የዶሮ ሽቦ አንጠልጥል። የሚመጣው እምቦጭ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሰዓትህንም አስተካክል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፣ እምቦጩንም ወደ አንተ ያመጣዋል። ንጋት ላይ አጠጣ።

ወደ መድኃኒቱ ስመጣ፣ ተወው። የምትረጨውን ያው ሞተር ስቦ ሽንኩርትህ ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ ውሃ የሚጠጣ ከብትና ሰው አለ። የተረጨው እምቦጭም አይጠፋም፤ ሰምጦ ያንኑ ዝቃጭ ይጨምራል። በገጀራ መክተፍም አይሆንም፣ ግንዱ ያለበት ቁራጭ መልሶ ይበቅላል። ሙሉውን ከነሥሩ ጎትተህ አውጣ። ሐይቁ ሞልቶ ከማይደርስበት ላይ ዘርግተህ አድርቀው። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ክምሩ በቀናት ሟሽሾ ታገኘዋለህ። ሐምራዊ አበባ ያወጣውን አስቀድም፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ስለ ዘሩ ካነሳሁ፣ ሞተርህን ታከራያለህ? ብዙው ሰው ያከራያል። ያ ዘር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በርሜሉም ወንፊቱም አይዘውም። በጎማህ ውስጥ ጭቃ ሆኖ ግልገል አባይ ወይም መራዊ ቆጋ ግድብ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ቆጋ ከገባ ደግሞ 7,000 ሄክታር በሚያጠጣ ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው። ከማከራየትህ በፊት ጎማውን፣ ፉት ቫልቩንና የፓምፑን ሆድ በንጹሕ ውሃ እጠብ። ዝቃጩን ውሃ ከማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ ድፋ፣ ጎማውንም ፀሐይ ላይ አድርቅ። የማሳህን ቦይም አልፎ አልፎ እይ፤ ውሃ ያቆረበት ቦታ ክብ ቅጠል ካየህ ያኔውኑ ንቀለው።

አንድ ነገር አልነገርከኝም። ከዳር ስንት እርምጃ ስትገባ ነው ውሃው ወገብህ የሚደርሰው? ሐይቁ እስከ ሰኔ እየሸሸ ስለሚሄድ ዛሬ የምትመርጠው ቦታ ግንቦት ላይ ጭቃ ሊሆን ይችላል። በርሜሉን ከመብሳትህ በፊት ለካና ጻፍልኝ። ሠላሳ እርምጃ ካለፈ ሞተሩን የሚሸከም ታንኳ መሳይ መንሳፈፊያ እንሥራለት።