አንሺና ተነሺ በአየር ላይ፦ ቀላል አውሮፕላንን ከአውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ፎቶ ስለማንሳት ጥያቄዎቻችሁ

አንድ ትንሽ አውሮፕላን እየበረረ ሳለ ከሌላ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ፎቶ ማንሳት እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እመልሳለሁ። ለመግባባት እንዲቀለን ካሜራው ያለበትን «አንሺ»፣ ፎቶ የሚነሳውን ደግሞ «ተነሺ» እላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ካሜራ አለኝ። አውሮፕላን ያላቸው ሁለት ጓደኞችም አሉኝ፤ ሁለቱም ብዙ ሰዓት የበረሩ ናቸው። ጎን ለጎን ቢበሩልኝ አይበቃም?

አይበቃም ወንድሜ። ይህን ጥያቄ ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰዓት መብረርና ተጠግቶ መብረር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። አብራሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚማረው ከሌላ አውሮፕላን መራቅን ነው። ተጠግቶ መብረር፣ ማለትም ፎርሜሽን፣ ለብቻው ከአሠልጣኝ ጋር የሚለመድ ነገር ነው።

በፎርሜሽን አንዱ መሪ ይሆናል፣ ሌላው ተከታይ። ብዙ ጊዜ አንሺው ይመራል፣ ተነሺው ይከተላል። ተከታዩ ዓይኑን ከመሪው ላይ አይነቅልም። ካርታ አያይም፣ ስልክ አይነካም፣ ለካሜራውም ፈገግ አይልም። መሪው አካል ላይ ሁለት ነጥቦች ይመርጣል፤ ለምሳሌ የክንፉን ጫፍና የጅራቱን አንድ ቦታ። እነሱን አሰላልፎ ይይዛል። መሪው ደግሞ ለሁለቱም ያስባል። ሌላ ትራፊክ፣ ደመና፣ ተራራ፣ የአየር ክልል፣ ሁሉም የእሱ ኃላፊነት ነው። ድንገት አይዞርም፤ የሞተር ኃይልም ድንገት አይቀንስም።

ሕግም አለው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ፎርሜሽን አብራሪዎቹ አስቀድመው ከተስማሙ ብቻ እንደሚበረር ይደነግጋል። ቁጥጥር ባለበት የአየር ክልል ተከታዩ ከመሪው በጎን ከ1 ኪሎሜትር፣ በከፍታ ከ100 ጫማ በላይ እንዳይርቅም ይወስናል። የየአገሩ ደንብ ደግሞ ይጨምርበታል። በአሜሪካ ለምሳሌ ከፋይ መንገደኛ ጭኖ በፎርሜሽን መብረር ክልክል ነው። የአገርህን ደንብ ከመነሳትህ በፊት አንብብ።

እኔም አንድ ጊዜ በዚህ ተሳስቻለሁ። የተነሺው አብራሪ ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ ፎርሜሽን ግን አልሠለጠነም። እኔም አልጠየቅኩትም። ሊቀላቀለን ሲመጣ ፍጥነቱ በዛ። በካሜራዬ ውስጥ አውሮፕላኑ እያደገ፣ እያደገ መጣ። እኔ ደስ ብሎኝ አነሳለሁ። የኛ አብራሪ ቀና ብሎ አይቶ በሬዲዮ «ውጣ! ውጣ!» ባይል ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። በሌንስ ስታይ ርቀት ይጠፋብሃል፤ ዙም ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ርቀቱን የሚጠብቅ ሰው መቼም አንተ አትሁን።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱ በዝቶ ሲመጣ አብራሪው ምን ማድረግ ነበረበት?

ኃይል ቀንሶ፣ ከመሪው ዝቅ ብሎ፣ መሪውን እያየ ወደ ውጭ ማለፍ። ትልቁ ስህተት ለመሸሽ ሲል ክንፉን አዘንብሎ ሆዱን ለመሪው መስጠት ነው። ያኔ መሪው ከእይታው ይሰወራል። መቀላቀልም ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከጎንና ትንሽ ከታች ነው። ተከታዩ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ መሪውን ካጣ «አላየሁህም» ይላል፤ ሁለቱም በመሬት ላይ በተስማሙበት አቅጣጫ ይለያያሉ። ይሄ በብሪፊንግ ላይ፣ ማለትም ከመነሳታችን በፊት በምናደርገው ውይይት፣ ካልተነገረ እኔ አውሮፕላኑ ውስጥ አልገባም።

ጥያቄ፦ በአየር ላይ ትዕዛዝ የሚሰጠው ማነው? ፎቶግራፈሩ?

አይደለም። እኔ የምፈልገውን ለኛ አብራሪ እነግራለሁ፤ እሱ ካመነበት በሬዲዮ ያስተላልፋል። «ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ዝቅ» ከማለት አላልፍም። የእጅ ምልክት የምትጠቀሙ ከሆነ መሬት ላይ ተለማመዱት። ሁለቱም አብራሪዎችና አንተ፣ ከሦስታችሁ አንዱ «በቃ» ካለ በቃ ነው። ለምን ተብሎ የሚጠየቀው ከወረዱ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ያነሳኋቸው አውሮፕላኖች ሞተራቸው የጠፋ ይመስላል። ፕሮፔለሩ ቆሞ ነው የሚታየው። የት ተሳሳትኩ?

ሸተርህ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ፈጥኖብሃል። የዚህ ሥራ እምብርቱ እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

የቀላል አውሮፕላን ፕሮፔለር በደቂቃ 2400 ጊዜ ዞረ እንበል። በሰከንድ 40 ዙር ማለት ነው። በ1/1000 ሰከንድ ካነሳህ ፕሮፔለሩ የሚዞረው 14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆሞ ይታያል። በ1/250 ወደ 58 ዲግሪ ይደርሳል፤ እንቅስቃሴው መታየት ይጀምራል። በ1/125 ከ115 ዲግሪ በላይ ነው፤ ያማረ ብዥታ ይሰጣል። በ1/80 ልክ ግማሽ ዙር ይሞላል። ሁለት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር ግማሽ ዙር ከዞረ ሙሉ ክብ ይሠራል።

ቀላል ስሌት ላቀብልህ። በሰከንድ የሚዞረውን በምላጮቹ ቁጥር አባዛ። 40 ሲባዛ በ2፣ 80 ነው። ሙሉ ክቡን በ1/80 ታገኛለህ። ሦስት ምላጭ ከሆነ 120 ይሆናል፤ 1/120 ይበቃሃል ማለት ነው። ባለ ሦስት ምላጭ አውሮፕላን ስመለከት ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ ሸተሩን ያን ያህል አያስጨንቅም።

እኔ በ1/250 እጀምራለሁ። ጥቂት የተረጋገጡ ፎቶዎች በእጄ ይግቡ። ከዚያ ወደ 1/160፣ ወደ 1/125፣ በመጨረሻ ወደ 1/80 እወርዳለሁ። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር የሚበላሸው ይበዛል። 1/80 ላይ ከብዙ ተከታታይ ፎቶ ጥቂት ከተረፈኝ አላማርርም።

ጥያቄ፦ በስልኬ ሳነሳ ፕሮፔለሩ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። ለምን?

ስልኩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። አንብቦ እስኪጨርስ ፕሮፔለሩ ቦታውን ቀይሯል። ብዙ ካሜራዎችም ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ላይ ሲሆኑ እንደዚሁ ያደርጋሉ። መካኒካሉን ሸተር ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ በጠራራ ፀሐይ 1/100 ላይ ሳነሳ ፎቶው ነጣብኝ።

የጥንቱን ሕግ አስታውስ። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሸተር 1/100 ከሆነ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ጠባቡ ኤፍ 16 ነው። ያስኬዳል፤ ግን ሴንሰርህ ላይ ያለች ብናኝ ሁሉ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች። ምስሉም ትንሽ ይለሰልሳል። ብርሃኑን ሁለት ደረጃ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ብታደርግ ወደ ኤፍ 8 ትመለሳለህ። ነጸብራቅ የሚያጠፋው ፊልተር፣ ፖላራይዘርም፣ ብርሃን ይቀንሳል፤ ግን በፕላስቲክ መስኮት በኩል ካነሳህ የቀስተ ደመና ዝንጉርጉር ያመጣብሃል።

ጥያቄ፦ 1/125 ላይ ሁሉም ፎቶዬ ብዥ ብሎ ነው የሚወጣው። እጄ አይንቀጠቀጥም።

እጅህ ሳይሆን አውሮፕላኑ ነው የሚንቀጠቀጠው። ክርንህን መስኮቱ ላይ አስደግፈህ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሞተሩ ንዝረት በክርንህ አልፎ ቀጥ ብሎ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ጀርባህን ከወንበሩ ትንሽ አላቅ፣ ክርኖችህን ከጎንህ ጋር አጣብቅ፣ ሰውነትህ ንዝረቱን ይዋጠው። ሌንሱንም ከመስኮቱ ወደ ውጭ አታውጣ። ከጫፉ ጥቂት ጣት የምታህል እንኳ ነፋሱ ካገኛት ካሜራውን ይወዘውዘዋል። ፎከሱ ተከታታይ ላይ፣ ነጥቡ ኮክፒቱ ላይ፣ አነሳሱ በተከታታይ።

ጥያቄ፦ ስንት ሚሊሜትር ሌንስ ልያዝ?

በፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ ትልቅ በሆነ ካሜራ፣ 70-200 ሚሊሜትር ዙም አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ሴስና 172 የሚባለው ቀላል አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው። በ100 ሚሊሜትር ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍሬሙን የሚሞላው 30 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ነው። በ200 ከሆነ 60 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ረጅም ሌንስ ለአብራሪዎቹ ክፍተት ይሰጣል። በሰፊ ሌንስ ለመሙላት ግን መቅረብ ግድ ነው፤ ወደ አንተ ያለው ክንፍም አለቅጥ ተልቆ አውሮፕላኑን ያበላሸዋል። «ቅረብ በለው» ከማለት ዙም ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በር ማውጣት የግድ ነው? በመስታወት በኩል አይሆንም?

ይሆናል፤ ጥራቱ ግን ይወርዳል። የግድ ከሆነ መስኮቱን አጽዳ፣ ጥቁር ልበስ። ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ፎቶው ውስጥ ይገባል።

ከፍቶ ማንሳት ይበልጣል። የሴስና 172 የጎን መስኮት ወደ ላይ ይከፈታል፤ 172ኤስ በሚባለው ሞዴል መስኮት ተከፍቶ የሚበረርበት የፍጥነት ጣሪያ 163 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 300 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የክንፉ ድጋፍ ዘንግና ጎማው ግን ፍሬም ውስጥ ይገቡብሃል። ቢችክራፍት ቦናንዛ ኤ36 የሚወደደው የኋላ በሮቹ ወጥተው መብረር ስለሚችል ነው። በር ማውጣት የሚፈቀደው የአውሮፕላኑ መመሪያ ከፈቀደ ብቻ ነው። ራስህን በሃርነስ (በደህንነት ማሰሪያ) እሰር፣ ካሜራውንም እሰር። የሌንሱን መከለያ ቀፎ አውልቅ፣ ኪስህን ባዶ አድርግ፣ እዚያ ላይ ሌንስ አትቀይር። ከበሩ የወጣች ነገር ወደ ጅራቱ ነው የምትሄደው። በየ1000 ጫማው ወደ 2 ዲግሪ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድም አትርሳ፤ በነፋስ ላይ የደነዘዘ ጣት ሸተር አይጫንም።

ጥያቄ፦ የትኛው ሰዓት ይሻላል? የጀርባ መልኩንስ እንዴት ትመርጣለህ?

ጎህ ከቀደደ በኋላ ያለው ሰዓት። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ የአውሮፕላኑን ጎን ያገኘዋል፤ አየሩም ገና አልተናወጠም። መሬቱ ሲሞቅ አየር ወደ ላይ እየፈላ ሁለቱንም አውሮፕላን ያንገጫግጫል፤ በዚያ ሁኔታ ተጠግቶ መብረርም በ1/80 ማንሳትም አይሞከርም። የማታው ብርሃንም ያምራል፤ ከጠዋቱ አየር ግን አልለውጠውም።

በቀጥታ መስመር ብቻ አትብረሩ። ሰፊና ለስላሳ ክብ ስትሠሩ ፀሐይዋ አውሮፕላኑን ዙሪያውን ትጎበኘዋለች፤ አንድ ሙሉ ዙር የብርሃን ዓይነት ሁሉ ይሰጥሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ተከታዩ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ከሆነ ከመሪው ዝቅ ይላል፤ ከጀርባው መሬት ታገኛለህ። በውጨኛው ጎን ከሆነ ከፍ ይላል፤ ከጀርባው ሰማይ ይሆናል። ስለዚህ ጀርባውን የምትመርጠው በመታጠፊያው አቅጣጫ ነው። ውስጠኛው ፍጥነት መቀነስ፣ ውጨኛው ኃይል መጨመር ግድ ይለዋል፤ መሪው መታጠፊያውን የሚያለሰልሰው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ከየት ቢነሳ ያምራል?

በእኩል ከፍታ ወይም ትንሽ ከሥሩ። ከላይ ካነሳሽው ክንፉ ኮክፒቱን ይጋርደዋል፤ አብራሪው አይታይም። ክንፉ ከታች ለሆነው ተቃራኒው ነው። የአድማስ መስመር አብራሪው ጭንቅላት ላይ እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቂ።

ጥያቄ፦ ተነሺው እንደ ፓይፐር ከብ ያለ ዝግተኛ አውሮፕላን ቢሆን፣ አንሺው ፈጣን ቢሆንስ?

ፍጥነቱን የሚወስነው ዝግተኛው ነው። ከብ በ65 ኖት ገደማ ነው የሚጓዘው። ሴስና 172 ፍላፕ (የክንፉን የኋላ መታጠፊያ) ሳይዘረጋ ስቶል የሚያደርገው፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቅተው፣ 48 ኖት አካባቢ ስለሆነ በጥንቃቄ አብሮት ይሄዳል። ቦናንዛ ግን ለከብ አይሆንም። መሪው ተከታዩ በሙሉ ኃይል ብቻ የሚደርስበትን ፍጥነት መያዝ የለበትም፤ ተከታዩ ወደኋላ ሲቀር የሚጨምረው ኃይል ይፈልጋል። አለቅጥ ዝግ ማለትም ፎቶውን ያበላሻል፤ ተነሺው አፍንጫውን ሰቅሎ ሲንገታገት ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ በድሮን ቢነሳስ?

አይሆንም። ድሮንን ሰው ወደጫነ አውሮፕላን ማስጠጋት ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ጥያቄ፦ ለፎቶ ሲባል አደጋ ደርሶ ያውቃል?

ደርሷል። በቀላል አውሮፕላን ባይሆንም ሁሌም የማስበው ሰኔ 8 ቀን 1966 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በካሊፎርኒያ የሆነውን ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሞተር የተገጠመላቸው አምስት አውሮፕላኖች በአንድ ላይ ፎቶ እንዲነሱ ተደረገ። መሃል ላይ ግዙፉ የሙከራ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ኤክስቢ-70 ነበር። ፎቶው ሊያልቅ ሲል ከጎኑ የነበረው ተዋጊ ጄት ኤፍ-104 የኤክስቢ-70ን የክንፍ ጫፍ ነካ፤ ተገልብጦ የኤክስቢ-70ን ጅራት ቆርጦ ሄደ። የኤፍ-104 አብራሪ ጆ ዎከር ኤክስ-15 በሚባለው የሮኬት አውሮፕላን ከ100 ኪሎሜትር በላይ ከፍታ የወጣ ሰው ነበር። እሱ ሞተ። ከኤክስቢ-70ው አብራሪዎች ካርል ክሮስ ሞተ፣ አል ዋይት በሕይወት ወጣ። ከእነዚህ ሰዎች የሚበልጥ ልምድ ያለው አብራሪ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ከወረዳችሁ በኋላ ምን ታደርጋለህ? ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር?

መጀመሪያ ሁለቱን አብራሪዎች ሰብስቤ እንቀመጣለን። ማን መቼ ተጨነቀ? የትኛው ንግግር አልተሰማም? ይሄ ይነገራል። ከዚያ ፎቶዎቹን በሰዓት ቅደም ተከተል ለተከታዩ አብራሪ አሳየዋለሁ፤ መርጬ ሳይሆን ሁሉንም። የት እንደቀረበ፣ የት እንደራቀ፣ መታጠፊያው ላይ የት እንደተንሸራተተ ያያል። ባለፈው አንዱ አብራሪ እንዲህ ካየ በኋላ በሚቀጥለው ጠዋት ተመልሶ መጣ፤ 1/80 ላይ ያገኘሁት ምርጥ ፎቶ የዚያን ቀን ነው።