አለቃዬ ቴሌግራሜን አንብቦ አባረረኝ፤ ልከሰው እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ቴሌግራሜን ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እንደከፈትኩት ረስቼ ለምሳ ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር የተጻጻፍነውን አንብቦ፣ ፕሪንት አድርጎ፣ በሠራተኞች ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ “የድርጅቱን ስም አጥፍተሻል” ተብዬ ተሰናበትኩ። ነገሩ አስቀድሞ የታሰበበት ለመሆኑ ማስረጃ አለኝ፤ ለሰው ሀብት ኃላፊዋ የጻፈላትን ኢሜይል ፎቶ አንስቻለሁ። ከወጣሁ በኋላም ስለ እኔ እየተጻጻፉ ነው። ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሷል ብዬ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ የጠየቁኝን ባጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ። የበለጠ ያሳሰበኝ ያልጠየቁኝ ነው።

መብቴ ተነክቷል ብሎ ለመከራከር በቂ መነሻ አለዎት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው በቴሌፎንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚያደርጋቸው ግንኙነቶች እንደማይደፈሩ ይደነግጋል። ሆኖም በአንድ የግል ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ላይ ሲሄዱ ዝርዝር ሕጎቹን መያዝ ይሻላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ የሌላውን የኮምፒውተር ዳታ ማግኘትን ይቀጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 606 የመልእክት ምስጢርን መድፈርን በግል አቤቱታ ያስቀጣል። የካሳው ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ይሄዳል።

እሱ በበኩሉ “ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ነው፣ እሷም ክፍት ትታው ሄደች” ማለቱ አይቀርም። ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ቢሆንም አካውንቱ የእርስዎ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ነገር ግን ሲቀጠሩ የፈረሙት የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አጠቃቀም መመሪያ ካለ ክርክሩ መልኩን ሊቀይር ስለሚችል፣ እሱን ሳላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ፈልገው ያግኙት። ምንም አልፈረምኩም ብለው ከማሉልኝ ደንበኞች መካከል ፊርማቸውን ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ያሳየኋቸው አሉ።

ደብዳቤዎ ላይ ቀን የለም። መቼ ነው የተሰናበቱት? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በወንጀል የሚቀርበው የግል አቤቱታም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን አንሥቶ 3 ወር ነው። “ሽማግሌ ልከን ምላሽ እየጠበቅን ነው” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሽማግሌ መላኩ ደግ ነው፤ ይርጋው ግን ለሽማግሌ ብሎ አይቆምም።

አሁን ወደዚያ ፎቶ እንምጣ።

ኢሜይሉ ለእርስዎ አልተጻፈም፣ ግልባጭም አልተደረገልዎትም። ታዲያ ከየት አዩት? ቀጥለው ደግሞ “ከወጣሁ በኋላም ስለ እኔ እየተጻጻፉ ነው” ብለዋል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከሥራ የተሰናበተ ሰው እነሱ ዛሬ የሚጻጻፉትን በምን ያውቃል? ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃል እጅዎ ላይ ያለ ይመስለኛል፣ አሁንም ይሠራል። ምናልባትም የሰጠዎት ራሱ ነው። በየቢሮው የማየው ነገር ነው፤ አለቃ መስክ ሲወጣ “ያንን ደረሰኝ ከኔ ኢሜይል ላኪልኝ” ብሎ ይደውላል፣ የይለፍ ቃሉ ቢጫ ወረቀት ላይ ይጻፍና ሞኒተሩ ጥግ ላይ ይለጠፋል። ሰውየዋ ትሰናበታለች፣ የይለፍ ቃሉን የሚቀይር ግን የለም።

“ራሱ ነው የሰጠኝ” የሚለው መልስ ያወጣኛል ብለው እንዳይተማመኑ። ደረሰኝ እንዲልኩ የተፈቀደልዎ ሰው ከኃላፊዋ ጋር የሚጻጻፈውን እንዲያነቡ አልፈቀደልዎትም። አዋጁ “ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ” ሲል እንዲህ ያለውንም ይጨምራል። ከተሰናበቱ ወዲህ ደግሞ ያቺ ጠባብ ፈቃድም የለችም። ቅጣቱንም ልብ ይበሉ። አንቀጽ 3 በመደበኛው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። ድርጊቱ የተፈጸመው ለሕጋዊ ሰው፣ ማለትም ሕግ እንደ ሰው ለሚቆጥረው ድርጅት ወይም ተቋም፣ አገልግሎት ብቻ በተመደበ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ከሆነ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። እሱ የከፈተው የእርስዎን የግል ቴሌግራም ነው። እርስዎ የገቡበት ኢሜይል የድርጅት ነው። ዐቃቤ ሕግ ሁለቱንም ፋይል ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ የማን እንደሚከብድ አስበውታል?

እኅቴ፣ ይህን የምለው ላስደነግጥዎ አይደለም። የተበደለ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ስለሆነ ነው። ባል የሚስቱን ስልክ እንቅልፏ ላይ ይከፍታል፣ ሚስት የባሏን፤ ሁሉም “እውነቱን ላውጣ ብዬ ነው” ይሉኛል። አንድ ደንበኛዬ ሸሪኩ ገንዘብ እንዳጎደለበት ያምን ነበር፣ ሳይሆንም አይቀርም። የሸሪኩን ዋትሳፕ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ለወራት ሲያነብ ከርሟል። ለእኔ የነገረኝ “ሰው ላከልኝ” ብሎ ነው። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ተነሥቶ “ይህ ምስል የተነሣው ከየትኛው መሣሪያ ላይ ነው?” አለው። ደንበኛዬ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። በዚያን ዕለት ስለጎደለው ገንዘብ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በሕገወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ ሁሉ ወዲያው ውድቅ ይሆናል የሚለው ነገር ከፊልም የመጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በግልጽ ተቀባይነት የነሣው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ነው፤ ሌላው በየጉዳዩ ያከራክራል። ስለዚህ እሱ ፕሪንት ያደረገው የእርስዎ ጽሑፍ በራሱ ጊዜ ይወድቃል ብለው አይዘናጉ። የእርስዎ ፎቶም ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ በእሱ ላይ ከሚመሰክረው ይልቅ በእርስዎ ላይ የሚመሰክረው ይበልጣል።

ስለዚህ ወደዚያ ኢሜይል ከዛሬ ጀምሮ አይግቡ፤ “አንዴ ብቻ” ብለውም ቢሆን። እያንዳንዱ መግቢያ ሰዓቱና የመጣበት አድራሻ ይመዘገባል። ፎቶውን ለባልደረባ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለእኔም ቢሆን እንዳይልኩ። ደንግጠውም አያጥፉት፤ ማጥፋቱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ስልኩን እንደያዙ ጠበቃ ዘንድ በአካል ይሂዱና ምን እንደሚደረግ እዚያ ይወሰን። ለጠበቃዎ የሚነግሩት በሙያ ምስጢር ይጠበቃል። ለእንዲህ ዓይነት አምድ የሚጻፍ ደብዳቤ ያ ጥበቃ የለውም፤ ከደብዳቤዎ ማንነትዎን የሚጠቁመውን ቆርጬ ያወጣሁትም ለዚህ ነው።

ኢሜይሉን በትክክለኛው በር ማምጣት ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 223 መሠረት እጅዎ ላይ የሌለን ሰነድ በማን እጅ እንደሚገኝ ጠቅሰው በማስረጃ ዝርዝርዎ ላይ ያሰፍራሉ፤ ፍርድ ቤቱም እንዲቀርብ እንዲያዝልዎ ይጠይቃሉ። ስለ ስንብትዎ በሥራ አስኪያጁና በሰው ሀብት ክፍሉ መካከል የተደረገ የጽሑፍ ልውውጥ መኖሩን ማንም ሠራተኛ ይገምታል። አገላለጹን ግን ለጠበቃዎ ይተዉት።

ሌላም ያልነገሩኝ አለ። ያን ኮምፒውተር ላይ የተከፈተውን ቴሌግራም ዘግተውታል? ካልዘጉት ዛሬም እየተነበበ ሊሆን ይችላል። ስልክዎ ላይ ሴቲንግ ገብተው “ዲቫይስስ” የሚለውን ሲከፍቱ አካውንትዎ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ከመጨረሻው የአገልግሎት ሰዓት ጋር ይዘረዘራሉ። ሰው ሲደነግጥ ሁሉንም በአንዴ ይዘጋና ዝርዝሩ አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ስክሪንሾት ያንሱ፣ ቢቻል ሌላ ሰው እያየ፣ ከዚያ ይዝጉት፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ያስገቡ። እርስዎ ምሳ ላይ ሳሉ ወይም ከተሰናበቱ በኋላ አገልግሎት ላይ መዋሉን የሚያሳይ አንድ መስመር፣ በሕጋዊ መንገድ ከራስዎ ስልክ የተገኘ ስለሆነ፣ ከዚያ ፎቶ ይልቅ ይጠቅመኛል። ጽሑፉ ሲነበብ የሰሙት ሠራተኞችም ምስክሮች ናቸው፤ ስማቸውን ሳይረሱ ይጻፉ።

ባልደረባዎንም ያስቡ። ጽሑፉ ግማሹ የእሷ ነው፤ እንጀራዋም ምናልባት እዚያው ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 31 ምስጢራዊ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጠው ይከለክላል፣ ለፍርድ ቤት በቂ ጥቅም አሳይቶ ከማቅረብ በቀር። ሳያማክሯት አንድም ገጽ አያውጡ።

ለመሆኑ ምን ነበር የጻፉት? “ስም አጥፍተሻል” የሚለውን ነግረውኛል እንጂ ቃሉን አልነገሩኝም። ሐሜት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ የደንበኞች ሒሳብ ወይም የሰው ደመወዝ ካለበት ሌላ ነው። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ልውውጡን ከነሙሉው ይውሰዱ፣ የወደዱትን ክፍል ብቻ መርጠው ሳይሆን። የቅጥር ውሉን፣ የስንብት ደብዳቤውንና መመሪያውን አብረው ይያዙ። የስንብት ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ቆጥረው 3 ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ የቀረው ከሆነ ግን ሰነድ መልቀሙ ይቆይ፤ ነገ ጠዋት ደብዳቤዋን ብቻ ይዘው ይሂዱ።