ሚሽን ወይስ ፕራይቬት? 1ኛ ክፍል ልታስገባ ለተጨነቀችው እህቴ

እህቴ ሰላም ነሽ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ከስሩ የተጻፈውን ኮመንት ሁሉ አነበብኩ፣ አብዛኛው ሰው የት/ቤት ስም ብቻ ጠርቶ ነው ያለፈው፣ "እዚ አስገቢያት"፣ "እዛ እንዳትሞክሪው" ምናምን። አንቺ የጠየቅሽው ግን ከሱ ሰፋ ይላል። ልጅሽ ኬጂ ጨርሳ 1ኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ነው፣ ባለቤትሽ ስም ያለው ፕራይቬት ይሁን ይላል፣ ያንቺ ልብ ደሞ የካቶሊክ ሚሽን ት/ቤቱን ወዷል ግን እምነቷ እንዳይሸረሸር ሰግተሻል። እኔ ሦስቱንም ልጆቼን እዚሁ ሐዋሳ ነው ያሳደኩት፣ ትልቁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ሚሽን ተምሮ አሁን 11ኛ ደርሷል፣ ሁለተኛዋ እዛ ቦታ ስላልተገኘ ፕራይቬት ገብታ 7ኛ ናት፣ ትንሹ ደሞ ሰፈራችን ያለ ሌላ ፕራይቬት 2ኛ ክፍል ነው። ሁለቱንም ዓይነት ቤት ከውስጥ ስለማውቀው ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

ከእምነቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነው። ሚሽን ሲባል ልጁን ቁጭ አድርገው የሚሰብኩት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት አለበት ይላል፣ ካሪኩለሙም ያው የመንግሥት ነው፣ ሚሽን የተማረም ፕራይቬት የተማረም 6ኛና 8ኛ ላይ የክልሉን ፈተና 12ኛ ላይ አገር አቀፉን ይፈተናል። የልጄ ክፍል ውስጥ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ካቶሊኮቹ እንደውም ጥቂት ናቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሲስተሯ (መነኩሲቷ) ስለ መዋሸት ስለ መረዳዳት አጠር ያለ ምክር ትሰጣለች፣ ከዛ ወደ ክፍል። በሁዳዴ የኔ ልጅ ምሳ ዕቃ ሽሮ ወይ ጎመን ነው፣ አጠገቡ ያለው እንቁላል በዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹ ማን መቼ እንደሚጾም ከኛ በላይ ያውቁታል፣ ተጠያይቀው ነው የሚካፈሉት።

እምነቷን የሚይዝላት ቤታችሁና ሰንበት ት/ቤት ነው። ልጄ ይሄን ሁሉ ዓመት ሚሽን እየተማረ ገብርኤል ሰንበት ት/ቤት መዝሙር ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ሊዘምር ስለሚሄድ ፈቃድ ስጠይቅ አንድም ቀን ፊት ነስተውኝ አያውቁም። በተቃራኒው ደሞ ሃይማኖት የሚባል ነገር የሌለበት ፕራይቬት ተምረው፣ እቤትም የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ የማያውቁ የሰፈራችን የኦርቶዶክስ ልጆች አሉ። እና እህቴ ቅዳሜና እሁዷን አንቺ ከያዝሽላት ከሰኞ እስከ ዓርቡ ያን ያህል አያስፈራም።

ይሄን ስል ግን የሃይማኖት ተቋም የከፈተው ት/ቤት ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። የካቶሊክ አለ፣ የመካነ ኢየሱስ፣ የቃለ ሕይወት፣ የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊሙ አለ፣ አንዳንዱ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የራሱ ፕሮግራም ይኖረዋል። ሄደሽ ፊት ለፊት ጠይቂ፣ ጠዋት ምን ትዘምራላችሁ፣ ከክፍል ውጪ ምን ፕሮግራም አላችሁ፣ ልጄ ባትገባስ ምን ታደርጋለች በያቸው። መልሱን ሳይቀባቡ የሚነግሩሽ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። "ግብረገብ" የሚባል ሰብጀክት በአዲሱ ካሪኩለም ለሁሉም አለ፣ እሱን ካየሽ አትደንግጪ፣ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ት/ቤት ስትመርጪ ከስሙም ከሕንጻውም ከእንግሊዝኛውም በፊት መምህሩ ይቆያል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እኔን ሚሽኑን ያስወደደኝ እሱ ነው፣ ትልቁን ልጄን ፊደል ያስቆጠሩት መምህርት ዛሬም እዛው ክፍል አሉ፣ የልጁን ስም የአባቱን ስም የቱ ላይ ደካማ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳሉ። ሁለተኛዋ ልጄ ፕራይቬቱ ጋ 3ኛ ክፍል እያለች በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የሂሳብ መምህር ነው የተቀያየረባት፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ከመጀመሪያ ይጀምረዋል፣ ሦስተኛው ደሞ "ይሄን ተምራችኋል" ብሎ ያልፈዋል፣ ማካፈል የሚባለው ነገር ሳይገባት 4ኛ ገባች፣ ክረምቱን ሙሉ እቤት አባቷ ነው ያስያዛት። መምህራኑ ላይ አልፈርድም። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ አንዳንድ ፕራይቬት ክረምት ላይ አይከፍልም፣ መንግሥት ቦታ ሲያወጣ ወይ ትንሽ የተሻለ የሚከፍል ሲገኝ መሄዳቸው የግድ ነው። ባለቤቶቹ ናቸው ሊያስቡበት የሚገባው፣ ከወላጅ የሚሰበሰበው ብር ግንብ ላይ ብቻ ሲፈስ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ይሄን ቢሮ ገብተሽ ብትጠይቂ "መምህሮቻችን በሙሉ ልምድ ያላቸው ናቸው" ይሉሻል። ከሰዓት ልጆች ሲለቀቁ በሩ ላይ ቁሚና የሚጠብቁትን እናቶች ጠይቂ፣ ዘበኛውንም ጠይቂ፣ ማን እንደገባ ማን እንደለቀቀ ከዘበኛ በላይ የሚያውቅ የለም። አምና የ1ኛ ክፍል መምህርት የነበረችው ዘንድሮም አለች ወይ ብቻ በይ።

ሁለተኛው ነገር፣ የተማሪ ደብተር እዪ። ይሄን ማንም አይነግርሽም። ጎረቤቴ ልጇን ስም ያለው ት/ቤት ነው የምታስተምረው፣ ልጁ 2ኛ ክፍል ነው፣ አንድ ቀን ደብተሩን ይዞ መጣና አየሁት። የእጅ ጽሑፉ ሲያምር! ስለ ላም በእንግሊዝኛ ሙሉ ገጽ ጽፏል፣ ከስር በቀይ ራይትና "ኤክሰለንት"። ካንዷ መስመር መሐል አንድ ቃል ላይ ጣቴን አድርጌ ይቺ ምን ትላለች አልኩት። ዝም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ልበለው አለኝና መስመሩን በቃሉ እንደ ውሃ ወረደው፣ ቃሏ ጋ ሲደርስ ግን ጣቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ለካ ከሰሌዳ ስሎ ነው የገለበጠው። ሁለት ቦታ ደሞ ስፔሊንጉ ተሳስቶ ራይት ተደርጎበታል። አማርኛ የተረት መጽሐፍ ሰጠሁት፣ እሱንም ፊደል በፊደል እየቆጠረ ነው የሚያነበው። ልጁ ሰነፍ አይደለም እህቴ፣ በጣም ንቁ ልጅ ነው፣ የሚያስተምረው ነው ያጣው።

ለዚህ ነው ለባለቤትሽ "ኢንግሊሽ ሚዲየም ነው" የሚለው ነገር ብቻውን እንዳይበቃው የምልሽ። 2002 ዓ.ም. ላይ በየክልሉ በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪ ሲሶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ማንበብ 1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ ካልተያዘ በኋላ ባዮሎጂውም ሂስትሪውም ሽምደዳ ነው የሚሆነው። በሚገባት ቋንቋ አንብባ የተረዳች ልጅ እንግሊዝኛውን ትደርስበታለች፣ ትልቁ ልጄ እስከ 4ኛ ክፍል እንግሊዝኛው ከፕራይቬት ልጆች ያንስ ነበር አሁን ግን የሚቀድመው የለም።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ "100% አሳለፍን" የሚለውን ባነር በደንብ እዪው፣ የየትኛው ዓመት ነው? የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ኩረጃው ቀረና እውነቱ ወጣ፣ በዛ ዓመት 50% እና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3% ብቻ ነው፣ በ2015 3.2%፣ በ2016 5.4%። በ2015 ከ1,300 በላይ ት/ቤት አንድም ተማሪ አላሳለፈም። ስለዚ የምትሄጂበት ት/ቤት 12ኛ ድረስ ካለው ከ2014 ወዲህ ስንት አስፈትናችሁ ስንቱ ከ50 በላይ አመጣ ብለሽ በቁጥር ጠይቂ፣ እስከ 8ኛ ከሆነ የ6ኛና የ8ኛውን ውጤት ጠይቂ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ጎበዙን በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚያስገባ፣ ደከም ያለውን ደሞ 7ኛ ላይ ወላጅ ጠርቶ "መልቀቂያ ውሰዱ" የሚል ት/ቤት ውጤቱ ማማሩ አይቀርም። ያ ውጤት የልጆቹ ነው። እና ደካማ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ቱቶሪያል አለን ካሉሽ ማን ያስተምራል፣ ክፍያ አለው ወይ በይ።

ፕራይቬቱን ደሞ እንዳላዳላበት፣ ሚሽኑ ጋ ክፍሉ ብዙ ልጅ ነው የሚይዘው፣ ዲሲፕሊኑ ጠንካራ ነው፣ ዝምተኛ ልጅ ከሆነች መሐል ላይ ተረስታ ልትቀር ትችላለች። ሁለተኛዋ ልጄ እንደዛ ዓይናፋር ናት፣ ፕራይቬቱ በሂሳቡ ቢጎዳትም ክፍሉ ጥቂት ልጅ ስለሆነ ሆም ሩም መምህሯ እጇን እያስወጣች አስለምዳታለች፣ ዛሬ ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ታነባለች፣ ይሄን ሚሽኑ ጋ ታገኘው ነበር ብዬ አልምልም። ቴሌግራም ግሩፕም አላቸው፣ ሆም ወርኩ በዛው ይመጣል፣ ልጁ ሲያመው ይደወልልሻል። ስለዚ የልጅሽን ባህሪ አስገቢበት፣ እሷን ራሷን አይተሽ ወስኚ።

ብሩን በወር ብቻ አትቁጠሪው። የ10 ወሩ ክፍያ አለ፣ መመዝገቢያው አለ፣ መጽሐፉ፣ ከነሱ ብቻ የሚገዛው ዩኒፎርም፣ ሰርቪሱ፣ ሁሉንም ደምረሽ ለ12 ወር አካፍይው፣ ከዛ በየዓመቱ እንደሚጨምር አስበሽ እስከ 8ኛ መዝለቅ እንችላለን ወይ በሉ። 4ኛ ላይ አቅም አንሶ የሚዘዋወር ልጅ ይጎዳል፣ ጓደኞቹንም መምህሩንም ነው ባንዴ የሚያጣው። በዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ክርክሩ ግማሹ እዛው ያልቃል።

ርቀቱ! ይሄን ሰው ይንቀዋል። ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ ቁሚና ኮንትራት ባጃጆቹን እዪ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ባጃጅ ስምንት ልጅ ታጭቆ፣ ሁለቱ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ፣ ቦርሳው በጎን ተንጠልጥሎ፣ ባለፈው አንዲት ትንሽዬ ልጅ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የፊተኛውን ልጅ ሹራብ ጨምድዳ ይዛ አይቼ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ በእግሯ የምትደርስበት ደህና ት/ቤት ካለ እኔ እሱን ነው የምመርጠው፣ ትንሹንም ሰፈር ያስገባሁት ለዚህ ነው።

ሲዳሙ አፎን እንዳትረሺ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ነው፣ ክልሉ ከተመሠረተ ከ2012 ወዲህ ደሞ ፈላጊው ጨምሯል፣ ልጅሽ እዚሁ አድጋ እዚሁ ልትሠራ ትችላለች። የልጄ ት/ቤት ፕሮግራሙ ላይ ጽፎት ሰዓቱን ለሌላ ሰብጀክት ይሰጠው ነበር፣ ወላጆች ስብሰባ ላይ አንስተን ነው የተስተካከለው። መምህር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ፈቃዱንም አረጋግጪ፣ እስከ 6ኛ ተፈቅዶለት 7ኛን የሚከፍት አለ፣ የከተማው ትምህርት መምሪያ ሄደሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። በዛው የኢንስፔክሽን ደረጃውን ጠይቂ፣ ከ1 እስከ 4 ነው የሚሰጠው፣ 3 እና ከዛ በላይ ስታንዳርዱን ያሟላ ማለት ነው። ግቢውን ስትጎበኚ ደሞ ሽንት ቤቱን ሳታዪ እንዳትወጪ፣ በእረፍት ሰዓት ገብተሽ ውሃ መኖሩን፣ የሴቶቹ በር የሚዘጋ መሆኑን እዪ። መኖሪያ ቪላ ተከራይተው የከፈቱት አለ፣ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የለውም።

የኔን ሐሳብ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪኝ ካልሽኝ፣ ሚሽኑ ጋ ቦታ ካገኘሽና ልጅሽ ፈራ ተባ የምትል ካልሆነች አስገቢያት፣ በእምነቷ አትስጊ። ቦታ ከሌለ ደሞ ለትልቅ ስም ብለሽ ከተማ አቋርጣ እንዳትሄድ፣ ሰፈራችሁ ያሉትን ዙሪና መምህሩ የሚቆይበትን ያዢ። ሰኔ ሳያልቅ ሂጂ፣ ክረምት ከገባ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህርም የምታዪው ደብተርም አታገኚም፣ ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ፣ አንድ ላይ ብታዩት ይሻላል። ሰፈራችሁ በየት በኩል እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አቶቴም ሆነ ታቦር በኩል ልጆች የሚያስተምሩ የማውቃቸው እናቶች አሉ፣ አገናኝሻለሁ።