መብራቱን ከማን ጋር አወዳድራችሁ ገዛችሁት? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ናቸው፣ ፓርላማ ውስጥ ስለ ኃይል ፖሊሲና ስለ ግዢ የሚሰጡ መልሶች ላይ። አራቱን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ አንድ የፓርላማ አባል ቆሞ ስለ ኃይል ግዢ ሲመልስ አየሁ። ቆይ፣ አባል ጠያቂ አይደል እንዴ? መላሹም አባል ከሆነ ማን ማንን ነው የሚቆጣጠረው?

መልስ፦ ግራ ቢያጋባ አይገርምም። እንግሊዝ ሚኒስትሮቹ ራሳቸው የፓርላማ አባል ናቸው፣ ጋና ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አብዛኞቹ ሚኒስትሮች ከፓርላማ ይሁኑ ይላል፣ አሜሪካ ግን ጭራሽ አይቻልም፣ ሚኒስትር ልሁን ያለ የምክር ቤት ወንበሩን ይለቃል። ዋናው ቁጥጥር ያለው ግን ቲቪ ላይ በምታዩት ጭቅጭቅ ሳይሆን ኮሚቴ ውስጥ ነው። የእንግሊዙ የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ ከ1861 እ.ኤ.አ. (ከታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ አለ፣ ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ወገን ነው፣ እዛ ሰነድ እየገለጡ ነው የሚያፋጥጡት።

ጥያቄ፦ እኔ ግዢ ክፍል ነው የምሠራው፣ ለቶነር እንኳን ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ እባላለሁ። ለኃይል ማመንጫ ግን ያለ ጨረታ ይፈርማሉ። ይሄ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሳቄን አልቻልኩትም፣ ግን ልክ ነህ ወንድሜ። የግዢ ሕጎች ቀጥታ ግዢ የሚፈቅዱበት ቀዳዳ አላቸው፣ አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን ወይ ነገሩ አስቸኳይ ሲሆን። ኃይል ላይ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ኒውክሌር ጣቢያ ልሥራ ብሎ የሚሰለፍ ሰው እንደ ቶነር ነጋዴ ብዙ አይደለማ።

የእንግሊዙን የኒውክሌር ጣቢያ ሂንክሊ ፖይንት ሲን እንውሰድ። 3,200 ሜጋዋት ገደማ ነው፣ ዋጋው ያለ ውድድር በድርድር ተቆረጠ፣ በሜጋዋት ሰዓት 92.50 ፓውንድ፣ እሱም በ2012 ዋጋ ነው፣ ከዋጋ ንረት ጋር እየጨመረ ለ35 ዓመት የሚሄድ። ገበያው ከዛ በታች ከወረደ ልዩነቱን ሕዝቡ በመብራት ሂሳቡ ይሞላል፣ ገበያው ከበለጠ ደግሞ ኩባንያው ይመልሳል። በ2016 ተፈረመ፣ በ2017 የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ውሉ ውድ ነው ሪስክም አለው ብሎ ሪፖርት አወጣ። በዛው ዓመት በጨረታ የተገዛው የባሕር ላይ ንፋስ 57.50 ፓውንድ ድረስ ወረደ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከ114 በላይ የነበረው ማለት ነው፣ ሁሉም በ2012 ዋጋ ሲሰላ። እንግዲህ ሚኒስትር ሆነህ ቆመህ ይሄን ልዩነት አስረዳ ብትባል እንዴት እንደሚያልብህ አስበው።

ጨረታ ሁሉን ይፈታል ለማለት ግን አልቸኩልም። በ2023 እንግሊዞቹ የባሕር ላይ ንፋስ ጨረታውን የዋጋ ጣሪያውን 44 ፓውንድ አድርገው አወጡት፣ ኩባንያዎቹ አያዋጣንም ብለው ቀሩ፣ አንድም የባሕር ላይ ንፋስ ፕሮጀክት ውል አላገኘም፣ በቀጣዩ ዙር ጣሪያውን ወደ 73 ከፍ አደረጉት። ስለዚህ እኔ ብሆን «ለምን ጨረታ አላወጣችሁም» ብዬ አልጠይቅም፣ አስቸኳይ ነበር ይሉኛላ። «ተመጣጣኝ ነው ያላችሁት ዋጋ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው» እላለሁ። አንተን ሦስት ፕሮፎርማ የሚያሯሩጡህም ለዚሁ አይደል።

ጥያቄ፦ ሚኒስትሩ «የማመንጨት አቅማችን ከፍላጎታችን በላይ ሆኗል» ሲል ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም ቤቴ ሆኜ አጨበጨብኩ። ተሳሳትኩ እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭብጨባው ትንሽ ይቆይ። ጋናዎች መብራት ይሄድ ይመጣ የነበረበትን ዘመን «ዱምሶር» ይሉታል፣ ጠፋ በራ እንደማለት ነው። በዛ ጭንቅ ጊዜ በጥድፊያ የኃይል ግዢ ውል ላይ ውል ተፈረመ። በ2019 የገንዘብ ሚኒስትሩ ኬን ኦፎሪ አታ ፓርላማ ቀርበው የተተከለው አቅም 5,083 ሜጋዋት ሲሆን ከፍተኛው ፍላጎት ግን 2,700 ገደማ ነው አሉ፣ 2,300ው ሜጋዋት ደግሞ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም ክፈሉ የሚል ውል ያለበት ነው፣ እና ለማንፈልገው አቅም በዓመት ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ እየከፈልን ነው ብለው አረፉት። ትርፍ አቅም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ መጠባበቂያ የሌለው መሥመር አንድ ማሽን ሲቆም ጨለማ ነው። ብቻ ሜጋዋት ሲጠራ ስትሰሚ፣ ሳንጠቀምበት ስንት እንከፍላለን የሚለው አብሮ ካልተነገረ መልሱ ግማሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒስትሩ ስለ ግዢው ሲጠየቅ «የንግድ ሚስጥር ነው» ብሎ ቢዘጋውስ?

መልስ፦ ድርድር ላይ እያሉ ዋጋ መደበቅ ያስኬዳል። ስንት ተጫራች እንደነበረና ውሉ ስንት ዓመት እንደሆነ ግን ምኑ ነው ሚስጥሩ? እንግሊዝ ፓርላማ የቃል ጥያቄ ቀድሞ ይመዘገባል፣ ሚኒስትሩ ሠራተኞቹ የጻፉለትን ይዞ ነው የሚገባው፣ ተከትላ የምትመጣዋን ተጨማሪ ጥያቄ ግን አያውቃትም። ነገር የገባው ጠያቂ የመጀመሪያዋን ለስለስ አድርጎ ያስመዘግብና ሁለተኛዋን አጭር ያደርጋታል፣ «ስንት ተጫራች ነበር?» በቃ። «አንድ» ብሎ ከተቀመጠ ቀሪው ለጽሑፍ ጥያቄ ይቆይ፣ የጽሑፍ መልስ ታትሞ ስለሚቀር ቆይቶ እንዲህ አላልኩም ማለት አይመችም።