አፍንጫ ያመጣል፣ አንጎል ይፈርዳል፦ ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ አንጎል ነው የማስተምረው። «ስለ ሽታ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ የመለስኳቸው እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስደርስ የዓሣው ሽታ ያፍነኛል። ትንሽ ከቆየሁ ግን ምንም አይሸተኝም። አፍንጫዬ ደንዝዞ ነው?

መልስ፦ የአፍንጫህ ሴሎች ጥቂት ይዝላሉ። አንጎልህም የማይለወጥ ሽታን ችላ ይላል፤ አዲስ የመጣውን እንዲይዝ ነው። ወጣ ብለህ ብትመለስ እንደገና ያፍንሃል።

ጥያቄ፦ የከሰል ጭስ ሲሸተኝ ሳላስበው አያቴ ቤት እደርሳለሁ። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ማየትና መስማት መጀመሪያ ታላመስ በሚባል ጣቢያ ያልፋሉ። ሽታ እሱን አይጠብቅም። ከአፍንጫ ጣሪያ ተነስቶ ከግንባር ጀርባ ወዳሉት የሽታ ጉብታዎች ይገባል። ከዚያ በቀጥታ ስሜትን ወደሚያነሳሳው አሚግዳላ ይደርሳል። ትዝታ የሚይዘው ሂፖካምፐስም ቅርብ ነው። ስለዚህ ሽታው ምን እንደሆነ ሳታውቂው ሆድሽን ሊያባባው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሽታን መጥላትና መውደድ አብሮን ይወለዳል ወይስ ይለመዳል?

መልስ፦ ሁለቱም። ትሪሜቲላሚን የሚባል ጠረን አለ፤ የተበላሸ ዓሣ የሚሸተው በእሱ ነው። የቤት አይጥ ይወደዋል፣ ትልቁ አይጥ ግን ይሸሸዋል። ጠረኑ አንድ ነው፤ የሚለያየው የየራሳቸው የአንጎል መስመር ነው። ይሄ አብሮ የተወለደ ነው። የተማርነው ደግሞ ሌላ መስመር አለው። ቆጮን እዩት። ሲዳማ ውስጥ ያደገ ሰው ሽታው ምራቁን ያመጣዋል፣ አዲስ እንግዳ ፊቱን ያጨማድዳል። ማንም ትክክል፣ ማንም ስህተት አይደለም።

ጥያቄ፦ ስንት ዓይነት የሽታ ተቀባይ አለን?

መልስ፦ ወደ 400 ገደማ። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የተቀባዮቹን ጂኖች በ1991 አገኙ፤ በ2004 ኖቤል ተሸለሙ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) አንድ ሽታ ብዙ ተቀባይ ይነካል፤ አንጎል የሚያነበው ቅንብሩን ነው።

ጥያቄ፦ ከኮሮና ወዲህ ቡና እንደ ተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። በሲዳማ ቡና አገር ይሄ አያሳዝንም?

መልስ፦ ያሳዝናል፣ እህቴ። ቫይረሱ በዋናነት የሚጎዳው የሽታ ነርቮቹን ደግፈው የያዙትን ሴሎች ነው። የሽታ ነርቮች ደግሞ ዕድሜ ልክ ይታደሳሉ። አዲሶቹ መስመራቸውን እስኪያገኙ መልእክቱ ይዛባል፤ ቡና በተለይ ይከፋል። ሽታሽን መልሶ ለማለማመድ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ አዘጋጂ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን በእርጋታ፣ ልብ ብለሽ አሽቺ። ወራት ይፈጃል፣ አትሰልቺ። ያለ ጉንፋን ድንገት ሽታ የጠፋበት ሰው ግን ሐኪም ይይ።

ጥያቄ፦ ሲርበኝ የጎረቤት ወጥ ከሩቅ ይጠራኛል። እውነት ነው ወይስ ሆዳምነቴ?

መልስ፦ እውነት ነው። የረሃብ ሆርሞኖች የሽታ ጉብታዎቹ ድረስ ይደርሳሉ፣ ሽታውን ያጎሉታል። ስትጠግብ ይቀንሳል። የራስህን ወጥ ትተህ የጎረቤቱ የሚጠራህ ለምን እንደሆነ ግን ከባለቤትህ ጋር ተነጋገሩበት።