«የይስሙላ ጠፈርተኛ» ማለት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ ለጠፈር ጉዞ የተመረጠችን ሴት «የይስሙላ ጠፈርተኛ» የሚሏት ጽሑፎች ያጋጥሙኛል። አገላለጹ ትክክል ነውን? «ሴት ጠፈርተኛ» ሲባልስ «ሴት» የሚለው ቃል ትርፍ አይሆንምን?

መልስ፦ «ይስሙላ» እንደ «ታይታ» እና «ይምሰል» ሁሉ፣ ከልብ ሳይሆን ለሌሎች ዐይንና ጆሮ ሲባል የሚደረገውን ነገር የሚገልጽ መልካም ቃል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከቃሉ ሳይሆን ከሚገባበት ቦታ ነው። «ለይስሙላ መረጧት» ሲባል ቃሉ ግሱን ስለሚገልጽ ነቀፌታው በመራጮቹ ላይ ያርፋል፤ «የይስሙላ ጠፈርተኛ» ሲባል ግን ያው ነቀፌታ ወደ ተመራጯ ዞሮ ሙያዋን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ለምሳሌ የሶቪየት ኅብረቷ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ እ.ኤ.አ. በ1963 በቮስቶክ 6 መንኮራኩር ብቻዋን ተጉዛ፣ ሦስት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ መሬትን 48 ጊዜ ዞራለች። አብረዋት የሠለጠኑት አራት ሴቶች ግን አንዳቸውም ሳይበሩ ቡድኑ በ1969 ተበተነ፤ ሁለተኛዋ ሴት ስቬትላና ሳቪትስካያ ወደ ጠፈር የወጣችውም ከ19 ዓመታት በኋላ፣ በ1982 ነው። ይህን ያስተዋለ ጸሐፊ «ሶቪየት ኅብረት ሴት የላከችው ለይስሙላ ነበር» ብሎ ቢከራከር መነሻ አለው። ቴሬሽኮቫን «የይስሙላ ጠፈርተኛ» ቢላት ግን በደል ይፈጽማል፤ 48ቱን ዙር የዞረችው በእውነት ነውና።

ወደ «ሴት» ስንመጣ፣ በነጠላ ቁጥር «ጠፈርተኛዋ ተመለሰች» ማለት ስለሚበቃ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ነው፤ በየዐረፍተ ነገሩ ሲደጋገምም ሙያው በተፈጥሮው የወንድ እንደሆነ ያስመስላል፤ ይህን ልማድ ብንተወው እወዳለሁ። ሆኖም ቴሬሽኮቫን «የመጀመሪያዋ ጠፈርተኛ» ብቻ ብንላት በ1961 የወጣውን ዩሪ ጋጋሪንን የቀደመች ልትመስል ስለምትችል፣ «የመጀመሪያዋ ሴት ጠፈርተኛ» ማለት ይገባል። ከዚህም በላይ ብዙ ቁጥርና አንቱታ በአማርኛ ጾታን ይሰውራሉ። ክሪስቲና ኮክና ጄሲካ ሚር በ2019 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ አብረው ሲሠሩ፣ ወንድ ያልታከለበት የመጀመሪያው የጠፈር ላይ የእግር ጉዞ ነበር፤ «ሁለቱ ጠፈርተኞች ወጡ» ብሎ የዘገበ ሰው ግን ዋናውን ዜና አስቀርቶታል። እዚህ ላይ «ሁለቱ ሴቶች» ማለት የግድ ነው።