ሊንክ ማደን እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀህ ማራኪ ሰፈር፣ ታላቅ ወንድምህ ቤት ተቀምጠሃል። የመመረቂያ ሥራህ ስፓም፣ ማለትም ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ ኢሜይል ውስጥ የተደበቁ አድራሻዎችን የሚለይ ማጣሪያ ነው። ወንድምህ «ይኼ ጨዋታ ነው፣ ባንክ ቴለርነት ተወዳደር» ይልሃል። አንተ ደግሞ ማጣሪያዬ 98 በመቶ ትክክል ስለሆነ የሚፈልገኝ ድርጅት አይጠፋም ብለህ ትጠብቃለህ። ማስተርስ ልቀጥል ወይ ብለህም ጽፈህልኛል፤ እንግሊዝኛህ እንደሚያስቸግርህም ነግረኸኛል።

መጠበቁን ተው። «የተደበቀ ሊንክ የሚለይ» ብሎ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፍ የለም። የሚፈለገው የኢሜይል ሰርቨር፣ ማለትም የድርጅቱን ኢሜይል የሚቀበልና የሚልክ ኮምፒውተር፣ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ያንተ እውቀት ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ገብተህ ነው።

98 በመቶህም አላስደሰተኝም። የሚታየው አድራሻና ከሥሩ ያለው ሊንክ ካልገጠሙ ማጣሪያህ ኢሜይሉን ይጥለዋል። አጭበርባሪዎች እንዲህ ማድረጋቸው እውነት ነው። ግን ደህና ድርጅቶችም በጅምላ ሲልኩ፣ ስንት ሰው ሊንኩን እንደነካ ለመቁጠር በሌላ አድራሻ ያዞሩታል። ስለዚህ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያውም ከሌባው ጋር ተጠራርጎ ይሄዳል። ከ1,000 ንጹሕ ኢሜይል 20ው ቢጠፋ፣ ስለያዝካቸው ሌቦች የሚያመሰግንህ አለቃ አይኖርም፤ የሚጠራህ ስለጠፋው የጨረታ ደብዳቤ ነው። ሰርቨር ስጠብቅ በኖርኩበት ዘመን ስልኬን የሚያስጮኸው ይኸው ነበር።

አለመግጠሙን ነጥብ ስጠውና ከሌሎች ምልክቶች ጋር ደምረው። በነጻ የሚገኘው ስፓም አሳሲን የተባለው ማጣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ካልቀየርከው በቀር ድምሩ 5 ሲሞላ ስፓም ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ አይጥለውም። ሊንኩ ውስጥ ከአት ምልክት (@) በፊት የባንክ ስም ተጽፎ ካየህ ነጥብ ጨምር፤ ብራውዘሩ የሚሄደው ከምልክቱ በኋላ ወዳለው አድራሻ ነውና። የላቲኑ «ኤ» (a) በሩሲያኛው አምሳያው ተተክቶም ሊመጣ ይችላል። ዓይን አይለያቸውም፤ ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለይበት የዩኒኮድ ቁጥራቸው ግን 97 እና 1072 ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ፈልግና ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ኢሜይል አስተላላፊውን ፖስትፊክስና ስፓም አሳሲን ጭነህ ይህን ሁሉ ራስህ ሞክረው።

ወደ ወንድምህ ልመለስ። አስተምሮሃል፣ ውለታው ከባድ ነው፤ ሙያህን ግን አልገዛውም። አንተም ብትሆን በሰው ቤት እንጀራ እየበላህ «ድርጅት ይጥራኝ» ማለት አያምርብህም። ባንኩን ተወዳደር። ገብተህም የአይቲ ክፍሉን የውስጥ ማስታወቂያ እግር በእግር ተከታተል። እኔም ወደ ሰርቨር ክፍል የተሻገርኩት ከመዝገብ ቤት ነው፤ ከውስጥ የመጣ ሰው ደብዳቤው ሲጠፋ ማን እንደሚጎዳ ያውቃል።

ማስተርሱ ይቆይ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልከው፣ የሰርቨሩን ሎግ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፈውን የሥራ መዝገብ፣ በየቀኑ አንብብ። ሲቪህ ላይ ደግሞ ከ98ቱ በፊት ማጣሪያህ በስህተት ስንት ንጹሕ ኢሜይል እንደጣለ ጻፍ።